ጠያቂው እንዳይባዝን፦ ስለ መረጃ አደረጃጀት አጭር ጥናት

በመጀመሪያ ሁላችንም የተማርንበትን የፊደል ገበታ እናስታውስ። በገበታው ላይ 33 ፊደላት እያንዳንዳቸው በ7 ድምፅ ተዘርዝረው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር፣ 231 ሆሄያት ይገኛሉ። ሕፃኑ «ጎን ፈልግ» ሲባል 231ዱን አንድ ባንድ አያይም። ወደ ታች ወርዶ የ«ገ»ን ቤት ያገኛል፤ ከዚያም ወደ ጎን እስከ ሳብዕ ይሄዳል። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፦ የማን ቤት? ስንተኛው? እንግዲህ ልብ አላልነውም እንጂ ገበታው ራሱ መረጃ እንዴት እንደሚደራጅ ሲያስተምረን ኖሯል።

የመረጃ አደረጃጀት ማለት መልሶችን በየክፍሉ ለይቶ፣ ለየክፍሉ ስም አውጥቶ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰውን መንገድ አብጅቶ፣ ጠያቂው የሚሻውን ሳይንገላታ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። በውጭ አገር የመረጃ አርክቴክቸር ይባላል። ስያሜውን ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተዋወቀው ሪቻርድ ሶል ዉርማን የሚባል አሜሪካዊ የሕንፃ ነዳፊ ነው። እሱ እንደሚለው መረጃ የሚደረደረው በአምስት መንገድ ነው፦ በቦታ፣ በፊደል ተራ፣ በጊዜ፣ በዓይነትና በደረጃ።

ይህን ወደ አገራችን እናምጣው። አንድ የእርሻ ምክር በቦታ ቢደረደር ለመንዝና ለጊሼ ደጋ፣ ለመርሐቤቴ ቆላ ተብሎ ይከፈላል። በጊዜ ቢሆን የበልግና የመኸር ይባላል። በዓይነት ቢሆን ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ማሽላ ይሆናል። ምክሩ ያው ነው፤ የሚገባበት በር ግን ይለያያል። ታዲያ የትኛው በር ይሻላል? ጠያቂው የሚያውቀው በር ነው የሚሻለው። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው፣ በአበገደ ተራ የተዘጋጀ ነው። ተራውን ለሚያውቅ ሰው ቀና መንገድ ነው፤ ሀለሐመን ብቻ ለለመደ ተማሪ ግን መዝገቡ በእጁ እያለ ቃሉ ይጠፋበታል።

መጽሐፍ ቢያንስ ይገለጣል፣ ወደኋላም ይመለሳል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ግን በሳተላይት እየመጣ ያልፍ ነበር፤ ተማሪው «ቆይ፣ አልገባኝም» ቢል ቴሌቪዥኑ አይቆምለትም። የትምህርቱን ተራ የሚወስነው ተናጋሪው ነበር። መልስ ሰጪ መሣሪያዎች ከዚህ ይለያሉ። ተጠቃሚው ቁልፍ ሲጫን ወይም ሥዕል ሲነካ ይመልሱለታል፤ ተራውን የሚወስነው ጠያቂው ነው። ስለሆነም አደረጃጀታቸው ከተበላሸ መሣሪያው ቢኖርም የለም ማለት ነው።

ለዚህ በአገራችን ጥሩ ምሳሌ አለ። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ 8028 የተባለውን የስልክ መስመር ለገበሬው ከፈተ። ገበሬው በነፃ ይደውላል፤ የተቀዳ ድምፅ ምርጫዎችን ይነግረዋል፤ እሱም ቁልፍ እየተጫነ ስለ ማሳ ዝግጅት፣ ስለ አዘራር፣ ስለ ሰብል ጥበቃና ስለ ድኅረ ምርት ምክር ይሰማል። ኢንተርኔት አያሻም፤ ማንበብ መቻልም ግድ አይደለም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥሪዎች ተስተናግደውበታል።

ይሁንና በጆሮ የሚሰማ ምርጫ በዓይን እንደሚታይ ገበታ አይደለም። ገበታው ላይ 33 ቤት ቢደረደር ዓይን መለስ ቀለስ እያለ ያየዋል። በስልክ 33 ምርጫ ቢነገር ግን አሥረኛው ላይ ሲደረስ የመጀመሪያው ተረስቷል። ስለዚህ ክፍሉ ጥቂት፣ ደረጃውም አጭር መሆን አለበት። እስቲ እናስላው። 64 ምክሮች አሉን እንበል። ባንድ ረድፍ ብንደረድራቸው የመጨረሻውን ፈላጊ 64 ርዕስ ይሰማል። በ8 ክፍል 8፣ 8 ብናደርጋቸው ቢበዛ 16 ርዕስ ይሰማል። በሦስት ደረጃ 4፣ 4 እያደረግን ብንከፍል 4×4×4 ያው 64 ነው፤ ጠያቂው ግን ከ12 በላይ አይሰማም፤ ባንድ ጊዜ የሚያስታውሰውም 4 ብቻ ነው።

ስሌቱ ይህን ያህል ካማረ ሥራው አለቀ ብለን ነበር። ለማስተማር ልምምድ ወደ መሐል ሜዳ በወጣን ጊዜ 24 የምክር ካርዶች ከካርቶን ቆርጠን በገበያ ቀን ዳር ይዘን ተቀመጥን። አንዳችን እንደ ስልክ ሆኖ ያነባል፤ ገበሬው በጣቱ ቁጥር ያሳያል። ርዕሶቹን የወሰድናቸው ከእርሻ መጽሐፍ ነው፦ «ለማሳ ዝግጅት አንድን፣ ለአዘራር ሁለትን፣ ለሰብል ጥበቃ ሦስትን፣ ለድኅረ ምርት አራትን ይጫኑ።»

አንድ አባት መጡና «የገብሴ ቅጠል ቢጫ ሆነብኝ፣ ምን ይሻለኛል?» አሉ። አራቱንም ሰምተው ዝም አሉ። «አባባ፣ ሦስትን ለምን አያሳዩም?» ብንላቸው፣ «ጥበቃውንማ ልጄ አለ፤ ጭላዳውን እሱ ይመልስልኛል። እኔን የያዘኝ የቅጠሉ ነገር ነው» አሉን። እኛ ሳቅን። እሳቸው ግን «አይ ልጆቼ፣ ያልተማረ ሰው ምን ያውቃል» ብለው ተነሡ። ያን ጊዜ አፈርን። መልሱ በሦስተኛው ክፍል ተጽፎ ተቀምጦ ነበር፤ እሳቸው የጠየቁት በትክክል ነበር፤ ያጠፋነው እኛ ነን። ለምነን አስቀመጥናቸውና ካርዱን አንብበንላቸው ሄዱ።

ወዲያው «ሰብል ጥበቃ» የሚለውን ሠርዘን «ሰብሉ ከታመመ ወይም ተባይ ከገባበት» ብለን ጻፍን። ከዚያ በኋላ የመጡት ሰዎች እኛን ሳይጠይቁ ቁጥሩን ያሳዩን ጀመር። ሌላም ነገር አየን። ጎተራ ስለገባ ነቀዝ የሚናገረውን ካርድ ገሚሱ ሰው በተባይ፣ ገሚሱ በእህል አቀማመጥ ክፍል ይፈልገዋል። የቱ ትክክል ነው ብለን ከመከራከር ካርዱን ደግመን ጽፈን በሁለቱም ክፍል አስገባነው። በየምርጫው መጨረሻም «ወደ ኋላ ለመመለስ ዜሮን» የሚል ጨመርን። የተሳሳተ ሰው ስልኩን ዘግቶ እንደ አዲስ መጀመር የለበትም አይደል?

ከዚህ ሙከራ ያገኘነውን ትምህርት ባጭሩ እናስቀምጥ።

ሀ) ከመልሱ በፊት ጥያቄውን ሰብስብ። ሰዎች የሚጠይቁትን በራሳቸው አነጋገር ጻፍ።

ለ) ክፍሉን በባለሙያው ስም ሳይሆን በጠያቂው ቃል ሰይም።

ሐ) በጆሮ ለሚሰማ ነገር ምርጫውን አሳንስ፤ በዓይን ለሚታይ ግን ሰፋ ቢል አይከፋም።

መ) ሁለት በር ላለው ነገር ሁለት በር አብጅ፤ መመለሻም አትርሳ።

ሠ) መሣሪያው ከመሠራቱ በፊት በካርቶን ሞክረው። ካርቶን ለመሠረዝ አያሳዝንም።

ይህ ነገር የኮምፒዩተር ሰዎች ጉዳይ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገ ወደ ጊሼ ወይም ወደ መርሐቤቴ ስንመደብ ግን የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉን መደርደሪያ የምናዘጋጀው እኛ ነን፤ በስልክና በታብሌት የሚቀርበውን ትምህርትም ለልጆቹ የምንመርጠው እኛው ነን። አንድ ልጅ ፈልጎ ሲያጣ «መደርደሪያው ተበላሽቷል» አይልም፤ እንደዚያ አባት «እኔ አላውቅም» ብሎ ይተወዋል። ሁለተኛም አይጠይቅም። መምህር ሊፈራው የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ለመልመጃ ያህል፦ የተቋማችንን ቤተ መጻሕፍት ርዕሶች በ20 ካርድ ጽፋችሁ ለአንድ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ስጡትና እንደፈቀደ ይመድባቸው። ምድቡ ከእናንተ የሚለይበትን ቦታ መዝግቡ። ውጤቱን አምጡልንና በሚቀጥለው እትም አብረን እንወያይበት።