የቤት ኪራይ መያዣ ገንዘብ ሲሰጥና ሲመለስ

በስድስት ኪሎ ሰፈር ከውጭ አገር የመጡ መምህራንና ተመራማሪዎች ቤት ተከራይተው መኖር ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። ይህም ልማድ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ከተሰጠና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ እየሰፋ የሄደ ነው። ነጋዴውም በዚህ ጉዳይ በሁለት ወገን ይገኛል፤ አንዱ ቤት አከራይ ነው፤ ሌላው ደግሞ ለመሣሪያ ተከላ ላስመጣው ባለሙያ ወይም ለውጭ ኩባንያ ወኪል ቤት ፈልጎ የሚያከራይ ነው። በሁለቱም ወገን ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ የሚነሣው ቤቱ ሲለቀቅ፥ በመያዣ ገንዘቡ ላይ ነው።

እንግዳው ከአገሩ የለመደው ሥርዓት የተለየ መሆኑን አስቀድሞ መረዳት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አከራይ የተቀበለውን መያዣ በመንግሥት ዕውቅና ባለው የመያዣ ጥበቃ ድርጅት ዘንድ ማስመዝገብ ግዴታው ነው። በጀርመንም መያዣው ከሦስት ወር ኪራይ እንዳይበልጥና ከአከራዩ ገንዘብ ተለይቶ በባንክ እንዲቀመጥ ሕጉ ያዝዛል። በእኛ አገር ልማድ ግን ገንዘቡ በቀጥታ ወደ አከራዩ እጅ ይገባል። ስለዚህ የመያዣው መመለስና አለመመለስ በአብዛኛው የሚወሰነው በሚጠየቅበት ቀን ሳይሆን በሚሰጥበት ቀን ነው።

አንደኛ፤ የገንዘቡ ስም። በደረሰኝ ላይ «ቀብድ»፥ «ቅድሚያ ክፍያ» ወይም «መያዣ» ተብሎ መጻፉ ልዩነት የሌለው ይመስላል፤ ውጤቱ ግን እጅግ ይለያያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 እንደሚደነግገው፥ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ካልፈጸመም እጥፉን ይመልሳል። እንግዲህ ጊዜው ሳይደርስ ወደ አገሩ የሚመለስ ተከራይ ደረሰኙ «ቀብድ» የሚል ከሆነ አከራዩ ገንዘቡን ለመከልከል ክርክር ያገኛል። ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ ኪራይ ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ያልቃል። መያዣ የሚባለው ግን የተከራዩ ገንዘብ ሆኖ ለጉዳትና ለቀሪ ዕዳ ዋስትና የተቀመጠው ነው።

ሁለተኛ፤ የአከራዩ ማንነት። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ስለሆኑ፥ በአራዳና በፒያሳ አካባቢ ካሉት ነባር ቤቶች ብዙዎቹ የመንግሥት ናቸው። በእነዚህ ቤቶች የሚኖር ሰው ራሱ ተከራይ ስለሆነ፥ ያለ ፈቃድ ለሌላ ሲያከራይ መያዣ የሚሰጠው ሰው የሚተማመንበት መሠረት የለውም። የግል ቤት ሲሆን የይዞታ ማረጋገጫውን ማየት፤ ባለቤቱ በውጭ አገር የሚኖር ሲሆን ደግሞ ወኪሉ ለማከራየት ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ለመቀበልና ለመመለስም ሥልጣን የተሰጠው መሆኑን ከውክልናው ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ለደላላ የተሰጠ ገንዘብ ለአከራዩ እንደተሰጠ አይቆጠርም።

ሦስተኛ፤ ውሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፥ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲከፈል አዟል፤ ከሁለት ወር የሚበልጥ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅንም ከልክሏል። አንዳንድ አከራይ ግብር ለማሳነስ በውሉ ላይ ዝቅተኛ ኪራይ ያስጽፍና መያዣውን በጥሬ ገንዘብ ይቀበላል። በዚህ የተስማማ ተከራይ በኋላ ገንዘቡን ሲጠይቅ ማስረጃው የራሱ ቃል ብቻ ይሆናል። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለውም ለዚሁ ነው።

አራተኛ፤ የቤቱ ሁኔታ። ቁልፍ በሚሰጥበት ቀን ሁለቱ ወገኖች በየክፍሉ እየዞሩ የግድግዳውን ቀለም፥ የመስኮቱን መስታወት፥ የቧንቧውን፥ የበሩን ቁልፍ፥ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ መዝግበው ይፈርሙ፤ ፎቶግራፍም ያያይዙ። በአግባቡ በመኖር የሚመጣ ማርጀት ከመያዣው እንደማይቀነስ በውሉ ላይ ይጻፍ።

አምስተኛ፤ የምንዛሪ ጉዳይ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ በተወበት ዋዜማ አንድ የአሜሪካ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት 80,000 ብር መያዣ የሰጠ ሰው 1,400 ዶላር ያህል አስቀምጦ ነበር፤ ያው 80,000 ብር ሳይጎድል ቢመለስለት እንኳ ከ800 ዶላር አይበልጥም። ስለዚህ መያዣው ባነሰ ቁጥር ኪሳራውም ያንሳል።

ስድስተኛ፤ የመውጫ ጊዜ። ተከራዩ በውሉ በተወሰነው ጊዜ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጥ፤ ከጉዞው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎም በመጀመሪያው መዝገብ መሠረት ቤቱን ከአከራዩ ጋር ይመልከት። ለምሳሌ ከ80,000 ብር መያዣ ለበር ጥገና 6,000 ብር፥ ላልተከፈለ መብራት 1,500 ብር ቢቀነስ የሚመለሰው 72,500 ብር ነው፤ ቁልፉም በዚሁ ክፍያ ልክ ይረከባል።

ገንዘቡ እንዳይቀር በመስጋት የመጨረሻውን ኪራይ አለመክፈል የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1831 እና 1832 መሠረት ዕዳ በዕዳ የሚቻቻለው ሁለቱም በልካቸው የታወቁና መክፈያቸው የደረሰ ሲሆን ነው፤ መያዣው ግን ቤቱ ሳይለቀቅ መመለሻው አልደረሰም። ይልቁንስ አከራዩ ከዘገየ በቁጥር 1772 እና 1773 እንደተመለከተው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው። በሕግ የተወሰነው ወለድ በቁጥር 1751 በዓመት ከመቶ 9 ስለሆነ፥ ከማስጠንቀቂያው በኋላ ስድስት ወር የዘገየ 72,500 ብር 3,262 ብር ከ50 ሳንቲም ወለድ ይጨመርበታል። አገር ለቆ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን የሚቀበልለትና የሚከራከርለት ወኪል ሳይሾም አይሂድ።

ለደረሰኙ የሚከተለው አጻጻፍ ይበቃል፦ «እኔ አከራይ ... ብር በባንክ ተቀብያለሁ። ገንዘቡ የተከራዩ መያዣ ነው፤ ቀብድም ኪራይም አይደለም። ቤቱን ባስረከበ በ... ቀን ውስጥ፥ በሁለታችን ፊርማ የተረጋገጠው ጉዳትና ያልተከፈለ ዕዳ ብቻ ተቀንሶ እመልሳለሁ።»