ኮከብ፣ ማስታወቂያና ኮንቴይነር፦ የቱ የቱን ይሸጣል?



ዛሬ ገበያው ቀዝቀዝ ስላለ ዋጋውን ትቼ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝን አንድ ነገር ላንሳ። "የልፕን የመሰሉ፣ ደንበኛ ኮከብ የሚሰጥባቸው ገጾች ላይ ከፍለን ማስታወቂያ ብናስነግር ገዢ እናገኛለን ወይ?" ትላላችሁ። አንድ ላኪ ደንበኛዬ የዓመት ፓኬጅ በዶላር ሊገዛ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ለሱም ለእናንተም ይሆናል።

መጀመሪያ ሁለቱን እንለይ። ኮከቡን የሚሰጠው ደንበኛው ነው። በገንዘብ የሚገዛው ቦታው ነው፤ ሰው ሲፈልግ ከላይ መታየት። የልፕ የሚያስከፍለው ደግሞ ማስታወቂያችሁ በተነካ ቁጥር ነው፤ የነካው ሰው ገዛም አልገዛም ይቆጠርባችኋል። በኛ ቋንቋ፣ ናሙና ላየ ሁሉ ኮሚሽን መክፈል ማለት ነው።

ይጠቅማል ወይ? ዳይ፣ ኪም እና ሉካ የተባሉ ተመራማሪዎች ከየልፕ ጋር ሆነው ከ18,000 በላይ ሬስቶራንቶች ላይ ሞክረውታል። በዕጣ ለወጡ 7,000 ያህል ቤቶች ለሦስት ወር በነጻ ማስታወቂያ ተሠራላቸው፣ ለቀሩት ምንም። ገጹን ያየ ሰው በ25 በመቶ፣ የደወለ በ13 በመቶ ጨመረ። ጥሩ ነው። ግን ማስታወቂያው እንደቆመ ጭማሪውም አብሮ ቆመ። የበለጠ የተጠቀሙትም ቀድሞውኑ ጥሩ ኮከብና ብዙ አስተያየት የነበራቸው ናቸው። ሁለት ኮከብ ይዞ ከላይ ለመውጣት የሚከፍል ሰው ሁለት ኮከቡን ነው ለብዙ ሰው የሚያሳየው።

አሁን ሒሳቡ። ቁጥሩን ለማስያ ያህል እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። አንድ ንክኪ 5 ዶላር ቢሆንና ከ20 ሰው አንዱ ደንበኛ ቢሆን፣ አንድ ደንበኛ 100 ዶላር ፈጀ ማለት ነው። አሜሪካ ያለ የታክስ ሒሳብ ሠራተኛ ወይም ጠበቃ ከአንድ ደንበኛ 400 ዶላር ካገኘ፣ ደንበኛውም ለከርሞ ከተመለሰ ያዋጣዋል። ቡና ቆልቶ በከረጢት የሚሸጥ ወገናችን ግን ከአንዱ ከረጢት 6 ዶላር ቢተርፈው፣ ያ ሰው 17 ጊዜ መግዛት አለበት። ሙያተኛውን የሚጠቅመው ማስታወቂያ ቸርቻሪውን ሊጎዳ የሚችለው በዚህ ነው።

ላኪውስ? አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ፣ 19.2 ቶን ነው። ይህን የሚገዛ ሰው ኮከብ አይቶ አይገዛም። ናሙና ያስልካል፣ ያስቀምሳል፣ ነጥቡ ከ80 በላይ መሆኑን ያያል፣ ከዚያ ሌላ ገዢ ጋ ደውሎ "እነዚህ ሰዎች በቀኑ ይጭናሉ?" ብሎ ይጠይቃል። ለደንበኛዬ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ያንን ዶላር ለናሙና መላኪያ አድርገው።

ደግሞ ፓኬጁን ሳየው "50 ባለ አምስት ኮከብ አስተያየት በነጻ" የሚል ነበረበት። ይቺን ልብ በሉልኝ! በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሐሰት አስተያየት መሸጥም መግዛትም ክልክል ነው። እያወቀ ያደረገ ለእያንዳንዱ ጥፋት ከ50,000 ዶላር በላይ ሊቀጣ ይችላል። እዚያ ስማችሁን ይዞ የሚሸጥላችሁ ወኪል ካለ፣ ጣጣው መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው፤ ከዚያ ውላችሁ ላይ።

የተቆላ ቡና በቀጥታ ለጠጪ የምትሸጡ ዩኒየኖች ግን ጉዳያችሁ ይለያል። መጀመሪያ ከእውነተኛ ደንበኞቻችሁ አስተያየት ሰብስቡ፣ ቀጥሎ ለሦስት ወር ብቻ ሞክሩ፤ የዓመት ውል አትፈርሙ። ለሚደውል ሁሉ "የት አገኙን?" በሉና መዝግቡ። ወጪውን ለመጡት ሰዎች አካፍላችሁ ከትርፋችሁ ጋር አስተያዩት።

የሰሊጥና የቦሎቄ ዋጋ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እለጥፋለሁ።