ራቭ ፎር ወይስ አሮጌው ላንድክሩዘር?

ጥያቄ፦ ወደ ዳሎልና ኦሞ የምጓዝበት፣ ቀስ በቀስ የማሻሽለው ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው። ራቭ ፎር ይሻላል ወይስ ላንድክሩዘር 80?

መልስ፦ ላንድክሩዘሩን ይውሰዱ። ራቭ ፎር ለአስፋልት ግሩም ነው፤ ነገር ግን ራሱን የቻለ ሻንሲም ሆነ ለከባድ መንገድ የሚሆን አጭር ማርሽ የለውም። ጎማ በመቀየር ይህ አይመጣም። 80ው ከፊትም ከኋላም ወጥ አክሰልና ሞላ ስላለው ከፍ ማድረጉ ቀላል ነው። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ከሆነማ እሰየው፦ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ አልባ ናፍጣ፣ ፓምፑም ኮምፒውተር አያሻው። ዳገት ላይ ግን ያዘግማል፤ ይታገሡት።

ቀለሙ አያታልልዎ፤ ሥር ገብተው ሻንሲውን ይዩ። ሞተር ይታደሳል፤ የተበላና የተበየደ ሻንሲ ካዩ ግን ጥለውት ይሂዱ። የዋን ኤች ዜድ የታይሚንግ ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ሻጩ መቼ እንደቀየረው ካላወቀ፣ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ከዋጋው ያስቀንሱ።