የጊታር ድምፅ ቶሎ ሲጠፋ
ጥያቄ፦ በኤሌክትሪክ ጊታሬ አንድ ኖታ ስመታ ድምፁ ወዲያው ይጠፋል። እንደ ማሲንቆ እንዲረዝም ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተመታ ክር ጉልበቱን ቶሎ ይጨርሳል፤ የማሲንቆ ክር ግን በደጋኑ ሳያቋርጥ ጉልበት ይቀበላል። ለጊታር ይህን የሚተካው አንዱ መንገድ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ወደ ስፒከሩ መጠጋት ነው፤ የሚወጣው ድምፅ ክሩን መልሶ ያንቀጠቅጠዋል። ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ሲባል የሚጮኸው ኖታ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ተስማሚውን ቦታ ከዝግጅቱ በፊት መፈለግ ይጠቅማል። ጎረቤት ላለበት ቤት ግን ኢቦው (EBow) የሚባለው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይሻላል፤ ክሩን በማግኔት ኃይል ያንቀሳቅሳል። ኮምፕረሰር የሚባለው የድምፅ መሣሪያ ግን የደከመውን ድምፅ ያጎላል እንጂ የክሩን ንዝረት አያራዝምም። የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ፒክአፕ ለክሩ በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ንዝረቱን ስለሚገታ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ነው። ችግሩ አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከታየ ጊታሩን ለባለሙያ ጠጋኝ ማሳየት ይገባል።