ከርስት እስከ ይዞታ ደብተር፦ በየትመን የመሬት ክፍፍል መስፈርቶች

የትመን በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነማይ ወረዳ፣ ከደጀን ወደ ብቸና በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ጤፍ አምራች ቀበሌ ናት። ይህ ጽሑፍ የአካባቢዋን የቅርብ ዘመን ታሪክ በአንድ ጥያቄ ይመረምራል፦ ገበሬው መሬት ይገባኛል ሲል ማስረጃው ምን ነበር?

በርስት ሥርዓት ማስረጃው የዘር ሐረግ ነበር። በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን ያስረዳ ሰው ድርሻውን ይጠይቃል። ስለዚህ መሬትን በገመድ መለካት ለጎጃም ገበሬ የግብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ በትውልድ ቆጠራ የጸናውን መብት የሚያናጋ ሥጋት ጭምር ነበር። በ1960 ዓ.ም. በሞጣና በብቸና አውራጃዎች በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የተቀሰቀሰው ዐመፅ ከዚህ ሥጋት ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የርስት ጥያቄን አስቀረ፤ በገበሬ ማኅበራት የተካሄደው ድልድልም የቤተ ሰብን ብዛት መለኪያ አደረገ። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲቋቋሙ ደግሞ አባልነት ተጨማሪ መስፈርት ሆነ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ማኅበራቱ በአብዛኛው ፈረሱ።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው ድልድል የፖለቲካ ታሪክ መስፈርት ሆኖ ገባ። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራርነት ያገለገሉት «ቢሮክራት» ተብለው ከ1 ሄክታር፣ ማለትም ከ4 ጥማድ ገደማ፣ በላይ እንዳይዙ ተደረገ፤ ለሌሎች ጣሪያው 3 ሄክታር ነበር። በአንጻሩ ባል የሌላቸው ሴቶች በስማቸው መሬት ለማግኘት በቁ። አንዱ ጎረቤት የተካሰበት ሌላው የተቀጣበት ድልድል ነበርና ትዝታው አንድ ወጥ ሊሆን አይችልም።

በ1998 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የገጠር መሬት ዐዋጅ ዳግም ድልድልን በእጅጉ ገደበ፤ የይዞታ ደብተርም ዋናው ማስረጃ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. ሕፃን የነበረ ሰው ዛሬ መሬት የሚያገኘው በአመዛኙ ከወላጆቹ በውርስ ወይም በስጦታ፣ አለዚያም በኪራይና በእኩል እርሻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ትውልድ እንደገና መስፈርት ሆኗል። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው፦ ርስት በሩቅ አያት በኩል ለብዙዎች በር ይከፍት ነበር፤ ደብተሩ የሚከፍተው በአመዛኙ ለባለ ስሙ ልጆች ነው። የዛሬውን የወጣቶች መሬት አልባነት የሚያጠና ተመራማሪም የሕዝብ ብዛትን ከመቍጠሩ አስቀድሞ የመስፈርቶቹን ታሪክ ሊመረምር ይገባዋል።