የጨነቅ ጓዝና የቧሂት ውርጭ

ጥያቄ፦ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን ተራሮች ልንጓዝ አስበናል። ድንኳናችንን በጨነቅ ሰፈር ትተን ሳይነጋ ወደ ቧሂት ተራራ ብንነሣ ጓዛችን በደኅና ይቆየናልን? በረዶ የያዘውንስ መንገድ እንዴት እንለፈው?

መልስ፦ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በጨነቅ፣ ጓዝን ከሰው ይልቅ የሚያሰጋው መንቁሩ የወፈረው የደጋ ቁራ ነውና፣ ስንቃችሁን ክዳኑ በሚጠብቅ ሣጥን ከትታችሁ፣ የድንኳኑንም ጠርዝ ነፋስ እንዳያነሣው በድንጋይ አስይዛችሁ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ አሳይታችሁ ለወጥ ሠሪው ወይም ለበቅሎ ነጂው በአደራ ስጡ። ገንዘብ፣ መድኃኒትና ወፍራም ልብስ ግን ከእናንተ አይለዩ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። የቧሂት ጫፍ ከ4,400 ሜትር በላይ እንደ መሆኑ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት የበጋ ሌሊት በዓለቱ ላይ የሚወርደው ውኃ እንደ መስተዋት ረግቶ ያድራል፤ በጨለማም ከደረቁ ድንጋይ አይለይም። ስለዚህ፣ ንጋትን ከጫፉ ላይ ሆኖ ማየት ምንኛ ቢያስመኝ፣ ፀሐይ መንገዱን እስክትነካው ድረስ ትታገሡ ዘንድ አጥብቄ እመክራለሁ። ስትወርዱም ምርኩዝ አስቀድማችሁ፣ ጉልበታችሁን ዐጠፍ፣ እርምጃችሁን አጠር አድርጋችሁ፣ ከለሰለሰው ዓለት ይልቅ ሣሩንና ጠጠሩን እየመረጣችሁ እርገጡ፤ አመዳዩ ከላይ ሲቀልጥ ከሥር ያለው መሬት ገና እንደ ረጋ ስለሚቆይ፣ የረፋዱ ጭቃ ከማለዳው በረዶ ባልተናነሰ ያዳልጣል። አብሯችሁ የሚሄደው ጠባቂ (ስካውት) «ቆዩ» ያላችሁ እንደ ሆነ፣ እባካችሁ ቆዩ።