ለአዲሷ መምህርት፦ ፋይሉን ከመክፈትሽ በፊት

ልጄ፣

ዘንድሮ የራስሽን ክፍል ተረክበሻል። የተማሪዎችሽን አሳይመንት ሙድል በተባለው የኦንላይን ትምህርት ሲስተም ትቀበያለሽ፣ እዚያው ታርሚያለሽ፣ እዚያው ማርክ ትሰጫለሽ። የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫኚ የአይሲቲ ባለሙያው ያሳይሻል። የእኔ ምክር ሌላ ነው፦ ፍትሐዊ ማርክ የሚሠራው ፋይሉ ከመከፈቱ በፊት ነው። የማን ሥራ እንደሆነ ካየሽ በኋላ የምታወጪው ደንብ፣ ሳታስቢው ወደ አንዱ ያደላል። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይላሉ። ተማሪም እንዲሁ ነው፤ ምክንያቱን አውቆ ካጣው 10 ማርክ ይልቅ ሳያውቅ ያጣው 2 ማርክ ያቃጥለዋል።

1. መመዘኛሽን አስቀድመሽ ጻፊ። ሥራው ከ20 የሚታረም ከሆነ፣ ጥያቄውን ለመረዳት 4፣ ለማስረጃ 8፣ ለሐሳብ ፍሰት 5፣ ለአጻጻፍ 3 ብለሽ ቁረጪ። ይህን በሲስተሙ የመመዘኛ ሠንጠረዥ (ሩብሪክ) አስገቢና ተማሪዎቹ ገና ሳይጀምሩ እንዲያዩት ክፈቺላቸው። ማረም ከጀመርሽ ወዲህ አትነካኪው። የመጀመሪያው ተማሪ የተመዘነበት ለመጨረሻውም መመዘኛ ይሁን።

2. ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠርም አስታውቂ። ሲስተሙ የሚሠራው በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነው። «ዓርብ 12፡00 ኤኤም» ካለ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ማለቱ ነው። ዓርብ ማታ 12 ሰዓት የመሰለው ተማሪ 18 ሰዓት ተበልቶበታል ማለት ነው፤ የሚቀጣውም በስንፍና አይደለም። ስለዚህ መመሪያው ላይ «ዓርብ ኅዳር 5 (ኖቬምበር 14)፣ ከቀኑ 10 ሰዓት» ብለሽ በግልጽ ጻፊ። የሲስተሙ የሰዓት ቀጠናም አዲስ አበባ መሆኑን አረጋግጪ፤ በግሪንዊች ተትቶ ከሆነ ሁሉም ነገር በ3 ሰዓት ይዛባል። እኩለ ሌሊትን ማስረከቢያ አታድርጊ። ፋይል አልገባ ያለው ተማሪ ደውሎ ሰው የሚያገኝበት የሥራ ሰዓት ይሻላል።

3. ለመብራትና ለኔትወርክ ቦታ ተዪ። ሙድል የማስረከቢያ ቀንንና የመዝጊያ ቀንን ለየብቻ ያስቀምጣል፤ በመካከሉ የገባውን ይቀበላል፣ ምን ያህል እንደዘገየም ይመዘግባል። ሁለት ቀን ልዩነት አድርጊ፤ የዘገየ ምን እንደሚቀነስበት ወይም እንደማይቀነስበት ከወዲሁ ተናገሪ። ሐዘን ወይም ሕመም ለደረሰበት ተማሪ ማራዘሚያውን እዚያው ሲስተሙ ውስጥ ስጪው። በቴሌግራም «እሺ፣ ላከው» ማለት ደፍሮ የጠየቀሽን ይጠቅማል፣ ዓይን አፋሩን ይጎዳል፤ ክርክር ቢነሳም ተፈልጎ የሚገኝ መዝገብ የለውም።

4. ፋይሉ የሚነበብ መሆኑን አስቀድመሽ አረጋግጪ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በየራሳቸው ኮድ የሚሠሩ የቆዩ የአማርኛ መጻፊያዎች ግን ዛሬም በየኮምፒውተሩ አሉ። በእነሱ የተጻፈ ሥራ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ምልክት ይሆናል። በዩኒኮድ ጽፈው በፒዲኤፍ እንዲያስገቡ ንገሪያቸው። አልከፈት ላለ ፋይል ዜሮ አትስጪ፤ ተማሪው እንደገና እንዲያስገባ ፍቀጂለት።

5. ስማቸውን ሸፍነሽ አርሚ። በአገራችን ስም ብዙ ይናገራል፦ ጾታን፣ ሃይማኖትን፣ አንዳንዴም የትውልድ አካባቢን። ሙድል ስምን ደብቆ በቁጥር ብቻ የማሳየት ምርጫ አለው፤ አሳይመንቱን ስትፈጥሪ አብሪው። ተማሪዎቹም በገጹም ሆነ በፋይሉ መጠሪያ ላይ ስማቸውን እንዳይጽፉ አስጠንቅቂ። አንዴ ከገለጥሽው መልሰሽ መሸፈን አትችዪም፤ ስለዚህ እርማቱን ጨርሰሽ ግለጪ። ማርኩን ወደ ሬጅስትራር ስታስተላልፊ ደግሞ በመታወቂያ ቁጥር አመሳክሪ። ሲስተሙ በአባት ስም ደርድሮ፣ የሬጅስትራሩ ዝርዝር በተማሪው ስም ሊደረደር ይችላል፤ ተራውን አምነሽ ከገለበጥሽ የአንዱ ማርክ ለሌላው ይሄዳል።

6. በማሽን ግምት ብቻ ተማሪ አትወንጅዪ። የኩረጃ መፈተሻ መሣሪያ የሚያወጣው የመመሳሰል መቶኛ በትእምርተ ጥቅስ የተጠቀሰውንና የዋቢ ዝርዝሩን ጭምር ሊቆጥር ይችላል፤ ምልክት የተደረገበትን ራስሽ አንብቢ። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተጻፈውን እንለያለን የሚሉት መሣሪያዎች ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻሉ። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በጃንዋሪ 2023 እ.ኤ.አ. ያወጣውን መለያ፣ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በዚያው ዓመት ጁላይ አንስቶታል። ከተጠራጠርሽ፣ ስሙን ከገለጥሽ በኋላ ተማሪውን ለብቻው ጥሪና ሥራውን ያስረዳሽ። የራሱን ሥራ የሠራ፣ ቃሉ ቢያጥረው እንኳ መንገዱን ያውቀዋል።

7. ማርኩን ለሁሉም በአንድ ቀን ልቀቂ። እስክትጨርሺ ተደብቆ ይቆይ። ሲደክምሽ እጅሽ ይጠብቃል ወይም ይላላል፤ ስለዚህ ከመልቀቅሽ በፊት መጀመሪያ ያረምሻቸውን አምስት ሥራዎች ከመጨረሻዎቹ አምስት ጋር አስተያዪ። «ጥሩ ነው» ብለሽ አትለፊ፤ የተሳካለትን አንድ ነገር፣ ማስተካከል ያለበትንም አንድ ነገር ጻፊለት። ይህም ቀጣዩ አሳይመንት ከመጀመሩ በፊት ይድረሰው፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ምክር አያርመውም። ቅሬታ ያለው የትኛው መመዘኛ ላይ እንደሆነ ጠቅሶ በጽሑፍ ያቅርብ። እውነት ከሆነ አስተካክዪ፤ ያው ስሕተት የነካቸውን፣ ያልጠየቁትንም ጨምረሽ።

ልጄ፣ አንቺ የምትረሺው ማርክ ትራንስክሪፕት ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ ሥራ ሲጠይቅም ሆነ ለትምህርት ሲያመለክት አብሮት ይሄዳል። ከየትኛው መመዘኛ እንደመጣ ጣትሽን አኑረሽ ማሳየት የማትችዪውን ማርክ ለማንም አትስጪ። እግዜር ያበርታሽ።